ሽማግሌ ውሻን በበረዶ ወቅት ለሽንት ማስወጣት

ቡቺ 14 ዓመቱ ነው። ቡናማ ነው፣ ወደ 28 ኪሎ ይመዝናል፣ አፉ ዙሪያውን ሸብቷል። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ነው። ዊንተር እዚህ ቀልድ አያውቅም። ከኖቬምበር መጨረሻ ጀምሮ ጓሮው በረዶ ይለብሳል። ቀን ትንሽ ይቀልጥና ሌሊት ተመልሶ መስታወት ይሆናል።

አምና አንድ ጠዋት የጓሮውን በር ከፈትኩና «ቡቺ፣ ና እንውጣ» አልኩት። መጥቶ ደፉ ላይ ቆመ። አንድ እግሩን አወጣና መለሰው። ደረጃውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ዞሮ ገባና ወጥ ቤቱ መሃል ሸና። ጮክ ብዬ ተቆጣሁት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እማዬ ያኔ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ውሻ ቤት ውስጥ ማደሩን ገና አልተቀበለችውም። እሷ ዘንድ ውሻ የሚያድረው በር ላይ ነው። ግን ሶፋው ላይ ሆና ሁሉንም አይታለች። «አንቺ፣ አትቆጪው» አለችኝ። «አነሳሱን አላየሽም? እኔም እኮ ጠዋት ስነሳ እንደዚሁ ነኝ። ቁርጥማት ይዞታል።»

እውነቷን ነበር። የእንስሳት ሐኪሟ ራጅ አነሳችው። ዳሌው ላይና የኋላ ጉልበቶቹ ላይ አርትራይተስ አለበት።

ያረጀ ውሻ በበረዶ ቀን አልወጣም ሲል እልህ ይዞት አይደለም። ያመዋል። መንሸራተቱንም ይፈራል፤ አንዴ የወደቀበትን ቦታ አይረሳውም። ስለዚህ ሥራው የእኛ ነው። ከሞቀው መኝታው እስከ መሽኛው ያለውን መንገድ አጭርና የማያንሸራትት ማድረግ አለብን። እኔ ሁለት ዊንተር ሙሉ የሞከርኩትን እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ ሐኪም ጋ

መንገድ ከመጥረጋችሁ በፊት ውሻችሁን ለሐኪም አሳዩት። ቤት ውስጥ መሽናት የጀመረ ሽማግሌ ውሻ ሁሉ ችግሩ ብርድ አይደለም። ከወትሮው ብዙ ውሃ የሚጠጣና ብዙ የሚሸና ከሆነ ኩላሊት ወይም ስኳር ሊሆን ይችላል። ቶሎ ቶሎ ጠብ ጠብ የሚያደርግ ከሆነ ወይም ሽንቱ ላይ ደም ካያችሁ የፊኛ ኢንፌክሽን ሊኖር ይችላል። ማህፀኗ የወጣላት ሴት ውሻ ተኝታ ሳለ ሽንት ካመለጣት ደግሞ መድኃኒት አለው፤ በእርጅና ነው ብላችሁ አትተዉት። ወንድ ውሻ እያማጠ አንዲት ጠብታ ካልወጣው ግን ነገ አትበሉ። በዚያው ሰዓት ይዛችሁት ሩጡ።

የሽንቱን ናሙና እቤት ተቀብላችሁ ለሐኪሙ ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ። እኔ የድሮ ጭልፋ ይዤ ከኋላው ሄጄ ነው የተቀበልኩት።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። እኛ ቤት አድቪልና ታይለኖል ከቦርሳ አይጠፉም። አሞታል ብላችሁ የሰው ማስታገሻ አትስጡት። በአድቪል ውስጥ ያለው አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱንም ያበላሻል። ለውሻ የተሠራ የመገጣጠሚያ መድኃኒት አለ፤ ልኩን የሚያውቀው ሐኪም ነው።

ሽንት እንዳይበዛበት ብላችሁም ውሃ አትከልክሉት። ዊንተር ላይ ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ ስለሚሠራ የቤቱ አየር ደረቅ ነው፤ ይጠማዋል።

ከመውጣት በፊት ማሞቅ

እማዬ ጠዋት ከአልጋ ስትነሳ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ቁጭ ትላለች። ጉልበቷን በእጇ ታሻሻለች፣ ከዚያ ነው የምትቆመው። እኔ ግን ቡቺን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ በቀጥታ ወደ ደረጃ ነበር የምነዳው።

አሁን 5 ደቂቃ እንወስዳለን። ማድረቂያ ማሽኑ ውስጥ ያሞቅኩትን ፎጣ ዳሌው ላይ ጣል አደርግለታለሁ። ከዚያ የኋላ ጭኑን ቀስ ብዬ አሻለሁ። አጥንቱን ሳይሆን ሥጋውን ነው፤ እጄን ከጉልበቱ ወደ ላይ እየሳብኩ። የሚያመው ቦታ ላይ ስደርስ ጆሮውን ወደ ኋላ ስለሚያደርግ እዚያ ላይ እተዋለሁ። ከዚያ ሳሎኑን ሁለት ጊዜ እንዞራለን። በሁለተኛው ዙር አረማመዱ ሲለወጥ ይታያል፤ እግሩን መጎተት ይተዋል።

ኤሌክትሪክ የሚሰካ ማሞቂያ ላይ አስተኝታችሁት እንዳትሄዱ። ያረጀ ውሻ ሲያቃጥለው ቶሎ ተነስቶ አይሄድም፣ ቆዳው ሊቃጠል ይችላል።

ሽንቱ ከጠነከረበትና በሩ ላይ ከተቁነጠነጠ ማሸቱን ተዉትና በጨርቅ ደግፋችሁ አውጡት። ስለ ጨርቁ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

መንገዱ

ከሁሉም በላይ የረዳን ይሄ ነው።

የጓሯችን በር ሦስት የእንጨት ደረጃዎች አሉት። ቡቺ የወደቀው እዚያ ላይ ነበር። አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ ገዛን፤ ርዝመቱ ወደ 2 ሜትር ከ40 ነው። ለሁለት በቁመቱ አስቆረጥነውና አንዱን ደረጃው ላይ አጋደምነው። ከሥሩ ሁለት ጣውላ አስገብተን ደገፍነው፤ አለበለዚያ ይረግባል፣ የሚረግብ ነገር ደግሞ ውሻ አይረግጥም። ላዩ ላይ አሮጌ ምንጣፍ በምስማር መታንበት። ምንጣፍ ይረጥብና ይደርቃል፣ ሲብስም እንደ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ቁራጭ አለኝ። አንዱ ውጭ ሲሆን ሌላው ምድር ቤት ይደርቃል። ቁልቁለቱ ረጅምና ለስላሳ መሆን አለበት፤ በአጭር ሳንቃ ቀጥ ያለ መውረጃ ከምትሠሩ ደረጃውን ብትተዉት ይሻላል።

ከመውረጃው ጫፍ እስከ መሽኛው መንገድ እጠርጋለሁ። አንድ አካፋ ስፋት አይበቃም። እኔም ከጎኑ መሄድ ስላለብኝ የሁለት አካፋ ስፋት አደርገዋለሁ። መጨረሻው ላይ 2 ሜትር በ2 ሜትር የሚሆን ቦታ እስከ ሣሩ ድረስ እጠርጋለሁ። ውሻ ሣር ካልሸተተው ዝም ብሎ ይዞራል፤ በየዙሩ ደግሞ ይበርደዋል። ቦታውን እናንተ አትምረጡለት። ዓመቱን ሙሉ የሚሸናበት ጥግ የትኛው ነው? እሱን ጥረጉ። የቡቺ አጥሩ ሥር ነው።

አንድ ዘዴ ላካፍላችሁ። ሌሊት በረዶ እንደሚጥል ሲነገር ማታ ያቺን ቦታ በሸራ እሸፍናታለሁ። አራቱን ማዕዘን በጡብ እጫነዋለሁ። ጠዋት ሸራውን ከነበረዶው ጎትቼ አነሳለሁ፣ ሥሩ ያለው ሣር ደረቅ ነው። ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ሥራ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ብቻ ሸራው ቀን ሲቀልጥ ረጥቦ ማታ ከመሬቱ ጋር እንዳይጣበቅ በጊዜ ይነሳ።

አሁን ወደ ጨው እንምጣ። ሚኒያፖሊስ ውስጥ በረዶው መጣል ካቆመ በኋላ እንደ እኛ ያለ የመኖሪያ ቤት ባለቤት የእግረኛ መንገዱን በ24 ሰዓት ውስጥ ማጽዳት አለበት። ሰው ታዲያ ቶሎ እንዲቀልጥለት ጨው ይደፋበታል። ተራው የድንጋይ ጨው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ አቅሙ በጣም ይደክማል። ካልሲየም ክሎራይድ የሚባለው በከባድ ቅዝቃዜም ይሠራል፣ ግን እርጥበት ሲያገኝ ይሞቃል፣ የውሻን መዳፍ ያቃጥላል። ውሻ ደግሞ ያቃጠለውን ይልሳል፤ ከላሰው ሆዱን ይረብሸዋል፣ ያስመልሰዋል። ለቤት እንስሳት ተብሎ የሚሸጠው ጉዳቱ ያንሳል እንጂ የሚበላ ነገር አይደለም።

ስለዚህ እኔ ጨው ትቻለሁ። አሸዋ ነው የምጠቀመው። አሸዋ አያቀልጥም፣ እግር ግን ይይዛል። የሚኒያፖሊስ ከተማ ለነዋሪው በነፃ ይሰጣል፤ ባልዲና አካፋ ይዞ መሄድ ነው። አሸዋ ካጣችሁ የድመት መጸዳጃ አሸዋም ይሆናል። ርጥበት ሲነካው የሚጓጉለውን ዓይነት ግን አትግዙ፤ እሱ ጭቃ ሆኖ ይብሳል።

አፓርታማ የምትኖሩ ሰዎች ጓሮ የለንም ትሉኝ ይሆናል። የሕንፃውን በሮች ሁሉ ዙሩና ለሣር የሚቀርበውን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ዋናው በር አይደለም። በረንዳ ካላችሁ ጠርዝ ባለው ሰፊ ትሪ ላይ ቁራጭ ሣር ማስቀመጥ ይቻላል።

መዳፍ

በመዳፉ ሥር በጣቶቹ መካከል የሚያድገውን ፀጉር በአጭሩ ከርክሙት። በረዶ እዚያ ፀጉር ላይ እየተጠቀለለ ጠጠር ይሆንና ሲራመድ ይወጋዋል። ጥፍሩም አጭር ይሁን። ጥፍሩ የረዘመ ውሻ በመዳፉ ሙሉ አይረግጥም፤ በጥፍር ጫፍ በረዶ ላይ መቆም ደግሞ አይቻልም።

ጫማ ልግዛለት ካላችሁ መዳፉን የምትለኩት ቆሞ ነው፣ ክብደቱን ሲጥልበት ይሰፋልና። ወረቀት ላይ አስቁማችሁ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩ። እኔ መጀመሪያ ተኝቶ ለክቼው ሁለት ቁጥር ያነሰ ገዛሁ። ማለማመዱ ደግሞ ገና በረዶ ሳይመጣ፣ በኦክቶበር፣ ቤት ውስጥ ይሁን። በቀን ለጥቂት ደቂቃ፣ ከሁለት እግር ጀምራችሁ፣ በምግብ እያባበላችሁ። ቡቺን ያለ ጨው የተቀቀለ ዶሮ ነው ያሳመነው። ከድስቱ ወጥ አውጥታችሁ አትስጡት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሆንም።

ጫማ እምቢ ካለ ለውሻ መዳፍ የሚሠራ ሰም አለ። በሩ ጋ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ከዚያ በፊት ከቀባችሁት ወለሉ ላይ ያንሸራትተዋል።

ስትመለሱ ለብ ያለ ውሃ በሳህን በሩ ጋ ይጠብቃችሁ። እያንዳንዱን መዳፍ ነከር አድርጎ ማውጣት፣ በጣቶቹ መካከል ማድረቅ። የተጣበቀ በረዶ ካለ አትንቀሉት፤ ለብ ባለው ውሃ ይሟሟ።

የእማዬ ነጠላ

አንድ በጣም የከፋ ጠዋት ቡቺ መውረጃው ላይ የኋላ እግሮቹ ከዱት። እኔ ከፊቱ ሆኜ «አይዞህ፣ አይዞህ» እላለሁ። እማዬ ከኋላ መጣች። ትከሻዋ ላይ የነበረውን ነጠላ አወረደችና ለአራት አጥፋ በሆዱ ሥር አሳለፈችው። ሁለቱን ጫፍ ከጀርባው በላይ ያዘች። ቀስ አድርጋ ሳብ ስታደርገው እግሮቹ ተስተካክለው ቆሙ። ቡቺ ዞር ብሎ አያት። ከዚያ መራመድ ጀመረ።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። ነጠላ ከሌለ ረጅም ፎጣ ይሆናል። ሰፋ ይበል፣ ቀጭን ገመድ ሆድ ይቆርጣል። ከኋላ እግሮቹ ፊት ለፊት በሆዱ ሥር አሳልፉት። አታንጠልጥሉት። እግሩ መሬት መርገጥ አለበት፤ እናንተ የምትሸከሙት ከክብደቱ ትንሹን ነው። ወገባችሁን ቀጥ፣ ጉልበታችሁን ሸብረክ አድርጉ፣ አለዚያ የእናንተም ወገብ አብሮ ይሄዳል።

ወንድ ውሻ ላይ አንድ ችግር አለ። ጨርቁ የሚያርፈው ሽንት የሚወጣበት ላይ ነው። ስለዚህ ቦታው ስንደርስ ጨርቁን አላልቼ ወደ ደረቱ እገፋዋለሁ። ከዚያ ዳሌውን በሁለት እጄ ግራና ቀኝ እይዛለሁ። ቡቺ እግሩን አንስቶ መሽናት ከተወ ቆይቷል፤ ዝቅ ብሎ ነው የሚሸናው። ሰገራ ላይ ደግሞ ይብሳል፣ ቁጢጥ ብሎ መቆየት ይከብደዋል። ያኔ እጄን ከዳሌው አላነሳም፤ ጡንቻው ሲንቀጠቀጥ በመዳፌ ይሰማኛል። እስኪጨርስ ዝም ብዬ እይዘዋለሁ። ቸኩሎ ተነስቶ ግማሹን ቤት ይዞ ከሚገባ አንድ ደቂቃ መጠበቅ ይሻላል።

በኋላ ደረቱ ላይ የሚታሰር፣ ጀርባው ላይ እጀታ ያለው ቀበቶ ገዛሁለት። ጥሩ ነው። የአንገት ማሰሪያ ግን በበረዶ ቀን አልጠቀምም፤ ሲንሸራተት አንገቱን ይዤ ልጎትተው አልፈልግም። እየተሳበ የሚረዝመውን ማሰሪያም ትቻለሁ። አጭርና ቋሚ ገመድ ይሻላል።

ልብስ ካለበሳችሁት የወንድ ውሻ ልብስ ሆዱ ላይ አጭር ይሁን። ሽንት የነካው ልብስ ወዲያው በረዶ ይሆንበታል።

ስንት ሰዓት፣ ለስንት ደቂቃ

ሽማግሌ ውሻ እንደ ጎረምሳው 8 ሰዓት መያዝ አይችልም። ቡቺ ሲነሳ፣ ከበላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አመሻሽ ላይ፣ ከመተኛታችን በፊትም ይወጣል። በየአራት ሰዓቱ አካባቢ መሆኑ ነው። አጭርና ቶሎ ቶሎ ከረጅምና አልፎ አልፎ ይሻላል።

አንድ ቃል አስለምዱት። የእኛ «ቶሎ በል» ነው። ሲሸና እላለሁ፣ ሲጨርስ እዚያው ቆሜ አመሰግነዋለሁ፣ ዶሮውን እሰጠዋለሁ። በሩ ጋ ስትደርሱ ከሰጣችሁት የተሸለመው ለመግባቱ ነው የሚመስለው። ያረጁ ውሾች አንዳንዴ ለምን እንደወጡም ይረሳሉ። ያኔ ቃሉና ጠረኑ ያስታውሳቸዋል።

0 ፋራናይት ማለት ከዜሮ በታች 18 ሴልሺየስ ገደማ ነው። ከዚያ ሲወርድ ቡቺ ውጭ ከ3 ደቂቃ በላይ አይቆይም። እግሩን እየቀያየረ ማንሳት ከጀመረ ወይም ከተንቀጠቀጠ ባይሸናም እንገባለን፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግመን እንሞክራለን። የጆሮውን ጫፍና ጭራውን ንኩት። ቆዳው ከገረጣና እንደ በረዶ ከቀዘቀዘ አታሹት። ለብ ባለ ፎጣ ቀስ ብላችሁ አሙቁትና ሐኪም ጋ ደውሉ።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 እዚህ ከዜሮ በታች 33 ሴልሺየስ ገብቶ ነበር። ቡቺ ያኔ ጠንካራ ነበር፤ ሮጦ ወጥቶ ሮጦ ገባ። ዛሬ እንደዚያ ያለ ቀን ቢመጣ አላስወጣውም። ለዚያ ቀን ሽንት የሚመጥ ንጣፍ ከጓሮው በር አጠገብ አለ። ከሥሩ የማያንሸራትት የጎማ ምንጣፍ፣ ላዩ ላይ ደግሞ የራሱ ሽንት የነካው ቁራጭ ወረቀት አደርግበታለሁ። በጠረኑ ይገባዋል።

ወለል ላይ ካመለጠው በረኪና አትጠቀሙ። ሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል። የሽንት ጠረንን የሚያጠፋ ኢንዛይም ያለው ማጽጃ ከቤት እንስሳት ሱቅ ይገኛል።

ጨለማውና የእናንተ እግር

በዲሴምበር ፀሐይ የምትጠልቀው በፈረንጅ ሰዓት ከቀኑ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ጠዋት 8 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው የምትወጣው። ስለዚህ አብዛኛው መውጣታችን በጨለማ ነው። የቡቺ ዓይን ደክሟል። የጓሮውን መብራት ቀድሜ አበራለሁ፣ እኔም ግንባሬ ላይ የሚታሰር መብራት አደርጋለሁ። እጄ ለነጠላው ነፃ መሆን አለበት።

ጫማዬ ላይ የብረት ጥርስ ያለው ጎማ አጠልቃለሁ። እኔ ከወደቅኩ እሱ ላይ ነው የምወድቀው። ጋራዥ አካባቢ የፈሰሰ አረንጓዴ ወይም ሌላ ቀለም ያለው ፈሳሽ ካያችሁ ውሻውን ከዚያ አርቁት። የመኪና አንቲፍሪዝ ይጣፍጣል፣ ጥቂቱ እንኳ ኩላሊት አበላሽቶ ይገድላል። ላሰ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ ወዲያውኑ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

እማዬ አዲስ አበባ ተመልሳለች። ነጠላዋን ትታለት ነው የሄደችው፣ በሩ አጠገብ ባለው መስቀያ ላይ ተሰቅሏል። ዛሬ ጠዋት ከዜሮ በታች 21 ነበር። ፎጣውን አሞቅኩ፣ ጭኑን አሸሁ፣ ሳሎኑን ሁለቴ ዞርን። በሩን ስከፍት ደፉ ላይ ትንሽ ቆመ። ነጠላውን በሆዱ ሥር ሳሳልፍ ራሱ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። ሣሩ ላይ ደርሶ አሸተተ፣ ዝቅ አለ፣ ሸና። ገብተን መዳፉን እያደረቅኩ ሳለ ስልኩ ጠራ። እማዬ ነበረች። ሰላምታውን ሳትጨርስ «ወጣልሽ?» አለችኝ።